60 ጥያቄ ከመያዝሽ በፊት ማሳውን ዙሪ
"ለመመረቂያ ጥናቴ አርሶ አደሮች ስለ አፈርና መሬት አያያዝ እንዴት እንደሚወስኑ ልጠይቅ ነው፤ 60 ጥያቄ ይበቃል ወይ?" ላልሽው እህቴ፦ ከበቂም በላይ ነው። የኔም የመጀመሪያ መጠይቅ እንደዚያው የተጨናነቀ ነበር። ከግማሽ በኋላ ሰዉ ቶሎ እንድሄድለት ብቻ "አዎ፣ አዎ" ይለኝ ጀመር።

የጎዳኝ ግን ርዝመቱ አይደለም። "ፍግ ይጠቀማሉ?" እያልኩ ስጠይቅ ከሞላ ጎደል ሁሉም "አዎ" አሉ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ማሳቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። የጓሮው መሬት ጥቁር ነው፣ ሲጨብጡት ይፈረፈራል። ከጅረቱ ማዶ ያለው ግን ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "እዚህስ ፍግ አይጥሉም?" ስላቸው ሳቁ። "ይሄ እኮ የኪራይ ነው። ለከርሞ ማን እንደሚያርሰው ሳላውቅ ፍጌን ልበትን?" እኔ ጋ የተመዘገቡት "ፍግ ተጠቃሚ" ተብለው ነው። ላጠናው የመጣሁት ውሳኔ አመለጠኝ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄሽን በሰው ሳይሆን በማሳ አድርጊው። የራስ ነው የኪራይ? ከቤት በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ምን ያህል ተዳፋት ነው? ባለፈው የምርት ወቅት ምን ተደረገበት፣ ማንስ ወሰነ? "አብዛኛውን ጊዜ" የሚለውን ቃል ሰርዢው። ማሳው ከበዛ በዕጣ ሁለት ምረጪ፤ ምርጫውን ለባለቤቱ ከተውሽ የሚያሳይሽ ያማረውን ነው። የሚስትን መልስ ባል በሌለበት ውሰጂ።

"የአፈር ጥበቃ ይጠቅማል ብለው ያምናሉ?" የሚለውን ባለ 5 ደረጃ ጥያቄ (ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም") ጣይው፤ አይጠቅምም የሚልሽ የለም። ይልቅ እያወቁ የተዉትን ሥራና ምክንያቱን ጠይቂ። ለኔ ወሬው ሁሉ የወጣው ከዚህ ነው፦ የሰው ጉልበት አነሰ፣ ተረፈ ምርቱን ከብት በላው፣ እርከኑ መሬት አጠበበ።

ስፋትን በግምት ብቻ አትመዝግቢ። ትንሽ ማሳ በግምት ሰፍቶ፣ ትልቁ ጠቦ የመነገር ልማድ አለው። ዙሪያውን በጂፒኤስ ለኪ፤ በጣም ትንሽ ከሆነ ግን የጥቂት ሜትር ስህተት ውጤቱን ስለሚያዛባው በሜትር ገመድ መለካት ይሻላል። መለኪያውን ከማውጣትሽ በፊት ለግብር አለመሆኑን ንገሪያቸው። እኔ ረስቼው አንዲት እናት ሦስተኛ ማሳቸውን ደብቀውኛል።

የአፈር ናሙና ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከወሰድሽና ውጤቱ አርሶ አደሮቹ "ለም ነው" ካሉሽ ጋር ካልገጠመ፣ ተሳሳቱ ብለሽ አትጻፊ። ቤተ ሙከራው አሲዳማነትና ንጥረ ነገር ይለካል፤ እነሱ የሚያዩት ውሃ መያዙን፣ ለማረሻ መላላቱንና የሚበቅልበትን አረም ነው። የየአፈሩን ስም እነሱ በሚጠሩት መዝግቢ። መጠይቁን ለጥናቱ ከመረጥሻቸው ሰዎች ውጪ በ5 ሰው ላይ ሞክረሽ ስትመለሺ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እንቀንሰዋለን።