«ጠብቁ» ሲሏችሁ

ሰሞኑን አንድ የበረራ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ጎማው ገና አልተንቀሳቀሰም። ሞተር ለማስነሳት ብቻ ታወር፣ የበረራ መቆጣጠሪያውን ማማ፣ የምናስፈቅደው ለምንድን ነው?» የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም በእሱ ዕድሜ ዝም ብሎ ቢሮክራሲ ይመስለኝ ነበር። ግን ጥያቄው አንድ የቆየ ጠዋት ቀሰቀሰብኝ።

አራት ጄቶች ተደርድረን ቆመናል። እኔ ቁጥር ሦስት ነኝ። ካኖፒው፣ የአብራሪው ክፍል የመስታወት ክዳን፣ ክፍት ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መሪያችን በሬዲዮ ጠራን። «ሁለት»፣ «ሦስት»፣ «አራት» ብለን መለስን፣ ሌላ ቃል የለም። ሞተር ሳይነሳ ጀነሬተሩ አይሠራም፣ ስለዚህ የምንነጋገረው በባትሪ፣ በአንድ ሬዲዮ ብቻ ነበር። በባትሪ ወሬ አይበዛም። መሪው ለአራታችንም የማስነሻ ፈቃድ ጠየቀ። ታወሩ «ጠብቁ» አለ። ምክንያት አልሰጠም።

መሪያችን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጎበዝ አብራሪ ግን ነበር፤ ሲያርፍ ጎማው መሬት መንካቱ አይታወቅም፣ እሱን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ። ደግሞ ጠየቀ። «ጠብቁ፣ ሞተር እንዳታስነሱ» ተባለ። ቀጥሎ «ሰዓታችን እያለፈ ነው እኮ!» ሲል ድምፁ ተቀይሯል። ተቆጣጣሪው፣ በድምፁ ገና ልጅ የሚመስል፣ ያንኑ ቃል ደገመለት። አልተከራከረም፣ አልተለማመጠም። እኔም በሆዴ ሰደብኩት። ፊት ለፊቴ የቆመው ቴክኒሽያን በሄድሴቱ «ምን ነካቸው?» አለኝ። ምን አውቄ!

ከዚያ የእሳት አደጋ መኪና በጀርባችን ሲመጣ ሰማን። ለካ ከኋላ የቆመው ቦቴ ቱቦው ተፈትቶበት ነዳጅ እያፈሰሰ ኖሯል። ነዳጁ ተዳፋቱን ይዞ ወደ እኔ ጄት ጭራ ይወርዳል። ከኮክፒት ሆኖ ከጭራ በስተኋላ ያለው መሬት አይታይም። ቴክኒሽያኑም ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ያየው ከላይ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ነው፤ ያልነገረንም በአንድ ጆሮው ከእሳት አደጋዎቹ ጋር በስልክ እየተነጋገረ ስለነበር ነው። የጄት ሞተር ሲነሳ ውስጡ የተጠራቀመ ነዳጅ ካለ በጭስ ማውጫው ነበልባል ሊተፋ ይችላል። የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

ከበረራ ስንመለስ የተወራው ስለመዘግየታችን ነበር። ስለ ልጁ ማንም ምንም አላለም። ታወር ወጥቼ አመሰግነዋለሁ፣ ዛሬ ነገ ስል ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ። የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

እንግዲህ ማይኩን ከመጫናችሁ በፊት አዳምጡ ምናምን የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ፣ አስተማሪዎቻችሁ ይበቃሉ። አንድ ነገር ግን ልጨቅጭቃችሁ። «ማስነሳት ተፈቅዷል» ማለት ማስነሳት ብቻ ነው። ተንቀሳቀሱ አላላችሁም። በ1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ደሴት ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ጃምቦ ጄቶች ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ፣ አንዱ አብራሪ መንደርደር የጀመረው ለመነሳት ሳይፈቀድለት ነበር። «ጠብቅ» የሚለው መልእክት ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ስለተናገረ በጩኸት ተዋጠ። ከዚያ በኋላ ነው «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ለመነሻ ፈቃዱ ወይም ለስረዛው ብቻ እንዲውል የተደረገው።

ሌላው ደግሞ የታወሩና የቴክኒሽያኑ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ታወሩ ሰማዩንና ሜዳውን ያያል፤ የሞተራችሁ አፍ ሥር ማን እንዳጎነበሰ የሚያውቀው ቴክኒሽያኑ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ሩዝቬልት በተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ላይ አንድን ባሕረኛ የኤ-6 ጄት ሞተር ስቦ አስገብቶት ነበር። በተአምር ተረፈ። ሞተሩ ያኔ በከፍተኛ ኃይል ላይ ነበር፣ እናንተ ስታስነሱ እንደዚያ አይስብም፤ ቢሆንም ቴክኒሽያኑ ጣቱን አሽከርክሮ «አስነሳ» እስኪላችሁ እጃችሁ ማስነሻው ላይ ምን ይሠራል?

የዛሬ ልጆች ሲሙሌተር ላይ እኛን አሥር ጊዜ ታስንቃላችሁ፣ አልክድም። ሬዲዮ ላይ ግን ለሁሉም ነገር «ኦኬ» ነው፣ ስልክ ላይ አውራ ጣት የምትልኩ ነው የሚመስላችሁ። የተሰጣችሁን ፈቃድ ከነጥሪ ስማችሁ መልሳችሁ ድገሙት። ተቆጣጣሪውም በትክክል መስማታችሁን የሚያውቀው በዚያ ነው።

ቅድም በባትሪ ወሬ አይበዛም ብያለሁ። አሁን ደግሞ በደንብ ካልሰማችሁ መልሳችሁ ጠይቁ፣ ሁለቴም ሦስቴም ጠይቁ እላለሁ። ይጋጫል፣ ይጋጭ። ባትሪው ቢያልቅ መሬት ላይ ናችሁ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የኃይል ጋሪ ገፍተው ያመጡላችኋል።