«እስቲ አሜን በይ»

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጠባብ ኩሽናዬ ውስጥ ቡና እያፈላሁ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ስለ ዘመድ አወራን። ስለ ዘይትና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። ከዚያ እንደ ልማዷ ትጸልይልኝ ጀመር። ለልጆቼ ጸለየች። ለሥራዬ ጸለየች። መንገድ ላይ ከሚያጋጥም ክፉ ነገር እንድጠበቅ ጸለየች። ስትጨርስ «እስቲ አሜን በይ» አለችኝ።

ዝም አልኩ። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ በየሳምንቱ ሳላስበው ከአፌ የሚወጣው ቃል የዚያን ቀን አልወጣ አለኝ። ጀበናው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ እያየሁ ከቦታዬ አልተነሳሁም።

«መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?» አለች።

«አልተቋረጠም እማዬ። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ለሁለት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ቸርች መሄድ ከተውኩ መቆየቴን ነገርኳት። እግዚአብሔር ይኑር አይኑር እንደማላውቅ ነገርኳት። ያነበብኩትንና የሰማሁትን ክርክር አንድ በአንድ ደረደርኩላት። እሷ አልተከራከረችኝም። «አባትሽ ይህን ሳይሰማ መሞቱ፣ ተመስገን» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ስምንት ወር በቅጡ አላወራንም።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችሁ እዚያው ቦታ ላይ እንደቆማችሁ ስለማውቅ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስንት ታናናሾቼ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመው በሹክሹክታ «እኔም እንዳንቺው ነኝ» ብለውኛል። ጴንጤ ቤት ያደጉ አሉ። ከሰንበት ትምህርት ቤት የወጡ አሉ። ቁርኣን እያነበቡ አድገው ሰላት ያቆሙ አሉ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ለቤተሰቤ እንዴት ልንገር? እንዴትስ ልከራከር?

መጀመሪያ የማትከራከሩበትን ነገር ልንገራችሁ።

አባቴ በደርግ ጊዜ በእምነቱ ሁለቴ ታስሯል። ሁለተኛው እስር ላይ በጥፊ የተመታ ግራ ጆሮው እስኪሞት ድረስ አልሰማለትም። እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷን ትራስ ውስጥ ሰፍታ ነበር የምታሳድረው። ልጅ ሆኜ በዚያ ትራስ ስተኛ የመጽሐፉ ጠርዝ ጉንጬን ይወጋኝ ነበር። ሐሙስ ማታ ሰዎች አንድ በአንድ ቤታችን ይገባሉ፤ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ድምፅ ሳይሰማ ይዘመራል። ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል። መዝሙር ያለ ድምፅ ያየሁት እዚያ ነው።

ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁለቱም የተገደሉት በ1971 ዓ.ም. ነው። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የእናንተ ወላጆች ያንን ዘመን አልፈው ነው የመጡት። «ሃይማኖት የለሽ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰሙት ከካድሬ አፍ ነው። እናንተ «ማስረጃው አላሳመነኝም» ስትሉ እነሱ የሚሰሙት ያንን የቀበሌ ስብሰባ ነው። እኔ ለእናቴ ስለ አምላክ መኖር የማወራ መስሎኝ ነበር። እሷ የሰማችው ግን «የአባትሽ ጆሮ በከንቱ ጠፋ» የሚል ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በማስረጃ አትረቱትም። መርታትም የለባችሁም።

ስለዚህ ስትናገሩ ሁለቱን ነገር ለዩዋቸው። «እውነት ነው ወይስ አይደለም?» አንድ ጥያቄ ነው። «የእናንተ ልጅ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» ሌላ ጥያቄ ነው። ወላጆቻችሁ የሚጨነቁት በሁለተኛው ነው። መጀመሪያ ለሱ መልስ ስጡ። «የከፈላችሁትን ዋጋ አውቃለሁ፤ አከብራለሁ፤ ያሳደጋችሁኝ ሐቀኛ እንድሆን ስለሆነ ዛሬ የማላምነውን አምናለሁ ማለት አቃተኝ» በሏቸው። እኔ ይህን ያልኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ምነው በመጀመሪያው ቀን ባልኩት ኖሮ እላለሁ፣ እስከ ዛሬ።

ደግሞ በስልክ አትንገሩ። በበዓል ማግስትም አትንገሩ። ፊት ለፊት፣ በእርጋታ፣ እጃቸውን ልትይዙ በምትችሉበት ቦታ ይሁን። ኑሯችሁ፣ የትምህርት ክፍያችሁ ወይም ወረቀታችሁ በእነሱ እጅ ከሆነ ደግሞ ቆዩ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም። ራሳችሁን እስክትችሉ መጠበቅ ፈሪ አያሰኝም።

ስለ ስሙም ጥቂት ልበል፤ ሰው በስም ይጣላልና። «አግኖስቲክ» የሚለውን ቃል የፈጠረው ቶማስ ሃክስሊ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1869። ሃክስሊ አምላክ የለም አላለም። በቂ ማስረጃ በሌለኝ ነገር ላይ «አውቃለሁ» አልልም ነው ያለው። አምላክ የለም የሚለው ኢ-አማኒ ሌላ ነው፤ አግኖስቲክ ሌላ ነው። ለእናታችሁ በደህና አማርኛ «አላውቅም» ብትሏት ይበቃል። አላውቅም ማለት ነውር የሌለበት ቃል ነው።

በእኛ አገር ግን ለሚጠራጠር ሰው የተዘጋጀው ቃል ሌላ ነው። ጴንጤው «ቀዘቀዘች፣ ወደ ዓለም ተመለሰች» ይላል። ሙስሊሙ «ሙርተድ»፣ ከእስልምና የወጣ፣ ይላል። ኦርቶዶክሱ «መናፍቅ» ይላል። መናፍቅ የሚለውን አንድ ቀን ከግዕዝ አዋቂ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት። ሥሩ ሁለት መሆንን፣ መከፈልን፣ መጠራጠርን የሚናገር ነው። ንፍቅ ማለት ግማሽ ነው፤ ንፍቀ ክበብ የምንለው ከዚያ ነው። ቅዳሴ ላይ ረዳት ሆኖ የሚቆመውም ካህን ንፍቅ ይባላል። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው። እኔ ያንን ነበርኩ፤ ሌላ ምንም አልነበርኩም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሃይማኖቱን የተወውን ሰው በዕብራይስጥ «ዮጼ በሼኤላ» ሲባል ይሰማሉ፤ «በጥያቄ የወጣ» ማለት ነው። እኛም እንዲህ የሚል ቃል ቢኖረን ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ስለ ክርክሩ። ጥብቅ ቤት ያደገ ሰው እምነቱን ቢተውም የአስተሳሰብ ልማዱ አብሮት ይወጣል። እኔ ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ለሰው እንዴት እንደሚመሰከርለት፣ ማለትም ወደ እምነት እንዴት እንደሚጠራ፣ ተምሬአለሁ። ቸርች ከተውኩ በኋላ ምን አደረግኩ? ማታ ማታ የቲክቶክ ላይቭ ላይ ተቀምጬ ሰውን ከእምነቱ ለማውጣት መሰከርኩ። ድምፄ፣ እርግጠኝነቴ፣ ለተሳሳተው ሰው ያለኝ ንቀት ሁሉ የድሮው ሰባኪያችን ነበር። አንድ ሌሊት አንዲት ልጅ፣ ከድምፅዋ ልጅ እግር ትመስላለች፣ ስታለቅስ «ታዲያ አሁን በምን ልያዝ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። ከላይቩ ወጣሁ፤ ልጅቷን ግን እዚያው ትቻት ነው የወጣሁት። እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ስለዚህ የወጣችሁ ሰሞን፣ ቢያንስ ለስድስት ወር፣ በአደባባይ አትከራከሩ። አንብቡ፤ ተኙ፤ በእግራችሁ ሂዱ። ቁጣው እስኪበርድ ነው። ቁጣው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቻችሁ በእውነት ተበድላችኋል፤ ግን በቁጣ የተናገራችሁት ስክሪን ሾት ሆኖ ለአክስታችሁ ይደርሳል።

ስትከራከሩም በሐቅ ተከራከሩ። ለምሳሌ ብዙ ልጆች ፈላስፋውን ዘርዐ ያዕቆብን (ንጉሡን አይደለም) እየጠቀሱ «የእኛ ኢ-አማኒ» ሲሉ እሰማለሁ። ልክ አይደለም። በእሱ ስም የምናውቀው «ሐተታ» የተባለው መጽሐፍ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በዋሻ ተደብቆ የኖረ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው የሃይማኖቶቹን ጠብ ይመረምራል፤ ለአእምሮው ያልገባውን አልቀበልም ይላል፤ ግን በፈጣሪ ያምናል፤ ይጸልያልም። ጽሑፉን ራሱ የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ሙግቱም አላለቀም። ይህን ሳያነሱ በሱ ስም ሰውን ማሸማቀቅ እኛ ራሳችን የሸሸነው ዓይነት ስብከት ነው። አማኙም ወገን «ጥርጣሬ የፈረንጅ ነው» ሲላችሁ ደግሞ ማርቆስ ምዕራፍ 9ን አስታውሱት። ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ይላል። የተባረረም፣ የተወገዘም አልነበረም።

ዓረብ አገር ላላችሁ ግን ምክሬ ሌላ ነው፦ ምንም አትጻፉ፣ ምንም አትቅዱ፣ ላይቭ አትግቡ። በሳውዲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 የወጣው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ደንብ ወደ ኢ-አማኒነት መጥራትን ከሽብርተኝነት ቆጥሮታል። ስልካችሁን አሠሪ ሊያይ ይችላል። ጥያቄያችሁ በልባችሁ ይቆይ፤ ሕይወታችሁ ይቀድማል።

ከክርክሩ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው በሌላ ነገር ነው፤ በብቸኝነት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩና የባህላዊ እምነት ተከታዩ ሲደመር ከ99 በመቶ በላይ ነው። እንደኛ ያለ ሰው በቤተሰቡ የመጀመሪያው ነው። በስደት አገር ደግሞ ቸርቹ ቸርች ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘልኝ የመዘምራን አባል ነው። ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ የጸሎት ቡድኔ እናቶች ናቸው። መኪናዬ ሲበላሽ የምደውልለት ሰው እዚያ ነበር። በአንድ ጊዜ ሁሉን ስተው ስልኬ ዝም አለ።

እናንተ እንዲህ አታድርጉ። እምነቱን ብትተዉም ሰዎቹን አትተዉ። ለቅሶ ድረሱ፤ ሠርግ ሂዱ፤ ጠጅም ባይኖር ለስላሳ ጠጡ። ሃይማኖት የማይለይ እድር ፈልጋችሁ ግቡ፤ ደንቡንም አንብቡ። ቀብራችሁ እንዴት እንዲሆን እንደምትፈልጉ ዛሬውኑ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ካልጻፋችሁ የሚወስነው ቤተሰብ ነው። ልጅ ስትወልዱም ኦርቶዶክስ የሆነች አያት ክርስትና ይነሳ ማለቷ አይቀርም፤ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ነው፤ ቶሎ ይደርሳል። ከትዳር አጋራችሁ ጋር ልጁ ሳይወለድ ተነጋገሩ።

ፍርሃቱን ደግሞ እንዳታፍሩበት። ማመን ካቆምኩ ከአራት ዓመት በኋላ፣ አንድ ምሽት ከሥራ ገባሁ። መብራቱ በርቷል፤ የልጆቹ ጫማ በር ላይ አለ፤ ቴሌቪዥኑ ያወራል። ሰው የለም። ጠራሁ፤ መልስ የለም። ያኔ ጉልበቴ ከዳኝ። ንጥቀት፣ ክርስቶስ አማኞቹን በድንገት ወደ ሰማይ ይወስዳል የሚባልለት ቀን፣ ደርሶ እኔ ብቻ ቀረሁ ብዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ለካ ከባለቤቴ ጋር በባዶ እግራቸው ጎረቤት ቤት የተወለዱ ድመቶች ሊያዩ ሄደው ነው። አእምሮ ቢተውም ሰውነት አይተውም። ለሐኪም መንገር ይቻላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ «የሃይማኖት ወይም የመንፈሳዊ ችግር» የሚል ርዕስ አለው፤ እንደ በሽታ ሳይሆን እርዳታ እንደሚያስፈልገው ጉዳይ። እንግሊዝኛ ለሚቀናችሁ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ «ሪከቨሪንግ ፍሮም ሪሊጅን» የሚባል ድርጅት አለ፤ አትመኑ ብሎ አይገፋም፣ ያዳምጣል።

እናቴ በስምንተኛው ወር ራሷ ደወለች። ጉልበቷን አሟት ነበር። ስለ ሐኪሙ አወራን፤ ገንዘብ እንደምልክ ነገርኳት። ከዚያ ዝም ተባባልን። «ልጸልይልሽ ወይስ ይቅር?» አለች። እናቴ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

«ጸልይልኝ» አልኳት።

ጸለየች። አጠር ያለ ነበር። ሲያልቅ ሳትለምነኝ «አሜን» አልኩ። በአገራችን ትልቅ ሰው ሲመርቅ አሜን ይባላል፤ የማን ሃይማኖት ነው ተብሎ አይጠየቅም።

«ለማን ነው አሜን ያልሽው?» አለችኝ።

«ላንቺ።»

ትንሽ ቆየች። ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«እሺ» አለች። «ቡናሽን ጠጪ፤ ይቀዘቅዝብሻል።»