የማኅተሙ ጎን

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ማኅተም ስቀርጽ ኖሬ ዓይኔ ሲደክም ነው ያቆምኩት። ዛሬም አንድ ወጣት ሥራውን ሲያሳየኝ ፊቱን ትቼ ጎኑን አገላብጣለሁ። ይህን አመል ያስያዘኝ በፎቶግራፍ ብቻ የማውቀው የአንድ ቻይናዊ ማኅተም ነው።

ጃኦ ጂቺየን በ1829 እ.ኤ.አ. የተወለደ ሠዓሊና ማኅተም ቀራጭ ነበር። ቻይናን ባመሰው የታይፒንግ አመፅ ዘመን፣ በ1862፣ ከቤቱ ርቆ ሳለ ሚስቱ ሞተች። ሴት ልጁንም ሞት ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ «የሐዘን ጎጆ» የሚል የብዕር ስም ያዘ።

በ1864 ቤጂንግ ውስጥ አንድ ድንጋይ ቀረጸ። ፊቱ ላይ ያሉት አራት ፊደላት ቅዱስ ቃል እየተመገቡ ዕድሜን ስለ ማቆየት ይናገራሉ። ቀይ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚያርፈው ይኼ ነው። በጎኑ ግን ቡድሃን ቀረጸ፤ ራሱን የቡድሃ ደቀ መዝሙር ብሎ፣ የሚስቱንና የልጁን ስም ጠርቶ፣ ከመከራ ሁሉ ተገላግለው ቡድሂስቶች «ንጹሕ ምድር» በሚሉት ስፍራ እንዲወለዱ ለመነላቸው። የጎን ጽሑፍ እንደ ፊቱ ተገልብጦ አይቀረጽም። ድንጋዩን በእጁ ይዞ ለሚያነብ ሰው ነው፤ ማኅተሙ ሺህ ጊዜ ቢመታ ልመናው ወረቀት ላይ አይወጣም።

ቅርጹን ከራሱ አላመነጨውም። እዚያው ቻይና፣ በሎንግመን ዋሻ፣ በ498 እ.ኤ.አ. አንድ መነኩሴ ለሟች አባቱ የቡድሃ ምስል አሠርቶ ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ፤ ፊደሎቹ ወደ ውስጥ የተቦረቦሩ ሳይሆኑ ከድንጋዩ ከፍ ያሉ ናቸው። ጃኦ ያንን ዘዴ ወደ ማኅተም ጎን አመጣው። ፊደል መቦርቦር ይቀላል፤ ከፍ ብሎ እንዲቀር ግን ዙሪያውን ሁሉ መጥረግ አለባችሁ። ያውም በጣት በሚያዝ ድንጋይ፣ ያውም ለማይታተም ጎን!

ስለዚህ «የራሴን ስታይል እስካገኝ» እያላችሁ የምትቆዝሙትን፣ ይቅርታ፣ ትዕግሥት የለኝም። የቆየውን ቅዱ፤ ለገበያ የማይሆነውንም እጃችሁ ይልመደው።

እናቴ የሞተች ሰሞን መሣሪያዬን አንሥቼ ምን እንደምቀርጽ ጠፋኝ። እጄ የሚያውቀው የመሥሪያ ቤት ክብ ማኅተምና «ተከፍሏል» ብቻ ነበር። ስሟን ብቻ ቀርጬ ተውኩት። በልማዴ ገልብጬ ኖሯል የቀረጽኩት። ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ በመስታወት ካልሆነ አይነበብም።