ከደሴ ወደ ሁዙም፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

ሁዙም መኖር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሰሜን ጀርመን ውስጥ፣ የሰሜን ባሕር ጠረፍ ላይ ያለች፣ 23 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። የምሠራው በነርስነት ነው። ዘንድሮ ለእረፍት ደሴ መጥቼ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ጥያቄ ነበር። አንዳንዱን በችኮላ መለስኩ፣ አንዳንዱን ሳልጨርስ ሌላ ጨዋታ ተነሳ። አሁን ረጋ ብዬ ልመልስ።

«በአውስቢልዱንግ መሄድ እፈልጋለሁ። ደላላው ቦታ ይዤልሃለሁ፣ ገንዘብ አምጣ ይለኛል። ልክፈል?» (የፒያሳ ልጅ)

አትክፈል ወንድሜ። አውስቢልዱንግ እየሠሩ የሚማሩበት የሙያ ሥልጠና ነው። የነርስነቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ቦታውን የሚሰጥህ ቀጣሪው ነው፤ ደሞዝ የሚከፍልህም እሱ ነው። በመንግሥት የደሞዝ ስምምነት የሚሠሩት ተቋማት ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ግብር ሳይቆረጥ፣ በወር ከ1,300 ዩሮ በላይ ይከፍላሉ። ለሠራተኛ የሚከፍል ሰው ለምን ቦታ ይሸጥልሃል?

ያን ብር ቋንቋ ተማርበት። አዲስ አበባ ያለው የጎተ ተቋም ያስተምራል፣ ይፈትናል። ቢ1 የሚባለውን መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ካልያዝክ አትድከም። ብዙ ሆስፒታሎች ከሱ በላይ ያለውን ቢ2 ይፈልጋሉ፣ ልክም ናቸው። በሽተኛ «እዚህ ጋ ወጋኝ» ሲልህ መስማት አለብህ።

«ትልልቁ ከተማ እያለ ትንሽ ቦታ ምን ወሰደሽ?» (የሆጤ ጓደኛዬ)

ሥራው የተገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። ዛሬ ምረጪ ብባል ግን እዚያው እቀራለሁ። ሐምቡርግ ብኖር ከሐበሻ ጋር ስውል ስለማድር ጀርመንኛዬ አይገፋም ነበር። ሁዙም አማርኛ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ዳቦ ለመግዛትም መናገር ግድ ሆነብኝ። በዓመቱ አፌ ተፈታ። ሐበሻ ሲናፍቀኝ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

«በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ይቅደም?» (ከኮምቦልቻ፣ ቪዛ የወጣላት እህት)

ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ተመዝገቢ። ባንኩም፣ የግብር ቁጥሩም፣ የጤና መድኑም ያንን ወረቀት ተከትሎ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ የፖስታ ሳጥንሽ ላይ ስምሽን ለጥፊ። ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ሳልለጥፍ ቀርቼ ደብዳቤዎቼ ሁሉ ተመልሰው ነበር። እዚያ አገር ትልቅ ጉዳይ በደብዳቤ ነው የሚያልቀው፤ ደብዳቤው ቀነ ገደብ አለው። የምትለጥፊው የአባትሽን ስም ነው። ሰውም የሚጠራሽ በአባትሽ ስም ነው። መጀመሪያ አባቴን የሚጠሩ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር። አሁን ደስ ይለኛል፣ በየቀኑ ስሙ ይነሳል።

የልደት ቀንሽ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆኑን እዚሁ አገር ቤት ሳለሽ አረጋግጪ። አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በእነሱ ከሆነ፣ ብዙ ደጅ ያስጠናሻል።

ደግሞ የቴሌቪዥንና ሬዲዮ ክፍያ የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። በወር 18.36 ዩሮ ነው፣ ለአንድ ቤት። ቴሌቪዥን የለኝም ብለሽ አትጣይው፣ ባይኖርሽም ይከፈላል።

«ባሕሩ እንደ አሰብ ነው?» (የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር)

ጋሼ፣ እርስዎና አባቴ በባቲና ሚሌ አድርጋችሁ አሰብ ስትመላለሱ ያወራችሁልን ባሕር ሰማያዊና ሞቃት ነበር። እኔ ያደግኩት ሐይቅን አይቼ ነው። ሐይቅ የትም አይሄድም። ጠዋት ያየሁት ውኃ ማታም እዚያው ነው።

የሁዙም ባሕር ግን ይሄዳል። የመጀመሪያ ቀን ወደብ ወርጄ ሳይ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተቀምጠዋል። ባሕሩ የደረቀ መስሎኝ ደነገጥኩ። ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ውኃው ተመልሶ ወደቡን ሞላው። በቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ነው፤ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው የሚያንቀሳቅሰው። በሞላበትና በሸሸበት ሰዓት መካከል ያለው ከፍታ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው ጭቃ ሜዳ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ሰው በባዶ እግሩ ይሄድበታል። ብቻዬን ግን ሞክሬው አላውቅም። ውኃው ሲመለስ በቦዩ በቦዩ ገብቶ ከኋላ ይከባል። አስጎብኚ ይዞ ነው መሄድ።

ሕዝቡ ይህን ባሕር ይወደዋል፣ ይፈራዋልም። እ.ኤ.አ. በ1362 እዚያው አካባቢ ሩንግሆልት የምትባል የንግድ ቦታ ውኃ በላት። በ1634 ደግሞ ሌላ ማዕበል አንድ ትልቅ ደሴት ሰነጣጠቀ። ስለዚህ ጠረፉን ሁሉ ረጅም የአፈር ግድብ ሠርተውበታል። ግድቡ ላይ ምን እንዳለ ቢያዩ ጋሼ! በግ። ሣሩን አሳጥረው ይግጡታል፣ አፈሩን በኮቴያቸው ይጠቀጥቁታል፣ ግድቡም ይጠነክራል። መጀመሪያ ሳያቸው የወሎ ደጋ መስሎኝ እንባዬ መጣ።

«እኛ የደሴ ሰዎች ብርድ ለምደናል። ያን ያህል ይከብዳል?»

ብርዱ አይደለም የሚከብደው። የጦሳን ብርድና ጉም ያየ ሰው ይችለዋል። የሚከብደው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው የሚነጋው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይመሻል። ሥራ ስትገቡም ጨለማ፣ ስትወጡም ጨለማ። በሰኔ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐይ አለ። በክረምታቸው ምሳ ሰዓት ላይ ውጡ፣ ዝናብም ቢሆን። ሐኪማችሁን ስለ ቫይታሚን ዲ ጠይቁ። ጥላ አትግዙ፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ነው የሚያዋጣው። እንቅልፍ ከጠፋ፣ መነሳት ካቃተ፣ ለሐኪም ተናገሩ። እኔ ሁለተኛው ክረምት ላይ ተናገርኩ፣ እርዳታም አገኘሁ።

«ሰዉ ዝጋታም ነው ይባላል። ጓደኛ ይገኛል?» (ብዙዎቻችሁ)

ይገኛል፣ ግን በር አያንኳኳም። እኛ ጋ አዲስ ጎረቤት ሲመጣ ቡና ጠጪ ይባላል። እዚያ ማንም አልመጣም። አራት ወር ሙሉ ጠልተውኛል ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። በኋላ ሲገባኝ፣ እንዳይረብሹኝ ብለው ነው። ለእነሱ ሰውን አለመረበሽ አክብሮት ነው።

ሰላምታቸው «ሞይን» ነው። ጠዋትም ማታም አንድ ቃል። ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ጤናው አይጠየቅም። ቅር አይበላችሁ፣ እናንተም ቀድማችሁ በሉት።

ጓደኛ የሚገኘው ማኅበር ውስጥ ነው። የዘፈን፣ የስፖርት፣ የአትክልት፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ፣ ለሁሉም ማኅበር አለ። እኔ የአዋቂዎች ዋና ትምህርት ገባሁ። በ31 ዓመቴ። ባሕር አጠገብ እየኖርኩ አለመቻሌ ያስፈራኝ ነበር። እዚያ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ተዋወቅኩ። ከአምስት ወር በኋላ ቤታቸው ጋበዙኝ። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው የተያዘው፣ ሰዓቱም ከነደቂቃው። ዘግይቶ መድረስ እንደ ንቀት ይቆጠራል፣ አደራ። በተራዬ ጠርቼ ቡና አፈላሁላቸው። ሦስተኛውን ሳይጠጡ ልሂድ ሲሉ «በረካ ይቀራል» ብዬ አስቀረኋቸው። አሁን እሳቸው ናቸው በረካ የሚሉኝ። ዕጣን ስታጨሱ ብቻ መስኮት ክፈቱ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ይጮኻል።

«እንጀራስ? ሐላልስ? ጾምስ?»

ጤፍ አለ፣ ውድ ነው። ሊጡ በብርድ ስለማይቦካ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጡት። ሐላል ሥጋ ከቱርክ ሱቅ ጠይቁ። ጄሊ ከረሜላ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ስለሚሠራ ጀርባውን አንብቡ። ለጿሚ የሚሆን ነገር በየሱቁ «ቪጋን» የሚል ምልክት አለው።

«ልጄ በመስከረም ትሄዳለች። ምን ልስደድላት? መቼስ ልደውል?» (የሰኞ ገበያ እናት)

እማማ፣ አብሽሩ። በርበሬና ሽሮ ይስደዱላት። ቋንጣና ቅቤ ግን አያሲዟት። ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አይገባም፣ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል። የደከሙበት ቅቤ ሲጣል ማየት ያማል። ጋቢ ይጨምሩላት። የእኔን እስካሁን እለብሰዋለሁ።

ስልኩን በተመለከተ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። እርስዎ ከመግሪብ በኋላ ቡና ሲያፈሉ እሷ ከሥራ እየወጣች ነው። ያን ጊዜ ይደውሉላት። የሲኒው ድምፅ እንዲሰማት ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ያድርጉት።