መልስ፦ ተማሪዎች በየሳምንቱ ለሚቀሩብህ መምህር

ሰላም መምህር። «5ኛ ክፍል ልጆች በየሳምንቱ ይቀሩብኛል፤ ወላጅ አምጡ ብልም ለውጥ የለም» ላልከው፣ እኔም አስተማሪ ነኝና የማውቀውን ልበልህ።

መጀመሪያ የስም መጥሪያውን ቁጭ ብለህ እየው። ገበያ ቀን ብቻ የሚቀሩት አልታመሙም። እናት ገበያ ስትወጣ ሕፃን የሚይዝ፣ ከብት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የምትቀረው ታላቋ ሴት ልጅ ናት።

ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጠፉት ግን ሌላ ናቸው። ቦታህ ቆላ ከሆነ ወባን ጠርጥር። ትኩሳቱ በመድኃኒት ቢለቅም ድካሙ ይቆያል። ዓይኑን የሚያሸውን ልጅም ልብ በል፤ ትራኮማ ሊሆን ይችላል። የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወዳጅ አድርጋት። የትኛው ቤት ማን እንደታመመ ከርእሰ መምህሩ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ከፍ ያሉት ሴቶች በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከጠፉ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውኃ ያለው፣ በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት አላችሁ? ሞዴስስ?

«ወላጅ ካላመጣህ አትገባም» የሚለውን ግን በናትህ ተወው! አባት እርሻ ላይ ነው፤ አይመጣም። አንድ ቀን የቀረው ልጅ በዚህ ሰበብ ሳምንት ሙሉ ቤት ይውላል። ከዚያ ትምህርቱ ያመልጠዋል፣ ያፍራል፣ ጭራሽ ያቋርጣል። አስገባውና በኋላ ለብቻው ጠይቀው። ቁርስ በልቶ እንደሆነም ጠይቅ፤ ባዶ ሆድ ረጅም መንገድ አያስኬድም። ወላጁን የግድ ከፈለግከው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወይም ዕድር ላይ አታጣውም።