ለእናትሽ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ስለመላክ

ሰላም እህቴ። «እማዬ መርሳት ጀምራለች፤ አረንጓዴ ሻይ አእምሮ ይጠብቃል ሲሉ ሰማሁ፤ እንክብሉን ከቨርጂኒያ በሰው ልላክላት ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ከላይ ብዙ ሰው «ላኪላት፣ ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳታል» ብሎሻል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር የጀመርኩት።

እናቴ አልዛይመር አለባት ከተባለች አራት ዓመት ሆናት። ያኔ አንድ ዘመዳችን ከውጭ ሲመጣ ሁለት ብልቃጥ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ይዞልን መጣ። አንዱ ፍሬ 400 ሚሊግራም ኢጂሲጂ አለው ይላል፤ በሻይ ቅጠል ውስጥ ካቴኪን ከሚባሉት የተክል ውህዶች (ከፖሊፌኖሎች ወገን ናቸው) ዋነኛው እሱ ነው። በቀን ሁለት፣ ያውም ጠዋት በባዶ ሆዷ እሰጣት ነበር። «በባዶ ሆድ ይበልጥ ይሠራል» ያለኝ ሰው ነበር። እውነትም በባዶ ሆድ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

በሁለተኛው ወር ምግብ አስጠላት። ሰውነቷን ያሳክካት ጀመር፣ ሽንቷ ራሱ ሻይ መሰለ። ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» ሲለኝ የስኳሯንና የግፊቷን ቆጠርኩለት፤ እንክብሉን ግን አልነገርኩትም፣ መድኃኒት ነው ብዬ መች አሰብኩ! የጉበት ምርመራዋ ከፍ ብሎ ሲመጣና የጉበት ቫይረስ ምርመራው ነጻ ሲሆን እንደገና ጠየቀኝ፣ ያኔ ተናገርኩ። አስቆመን፣ በሳምንታት ውስጥ ወረደላት። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 ይህንኑ ጽፎ ኖሯል፦ በሰፕልመንት መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ የጉበት ኢንዛይም ከመጨመር ጋር ተያይዟል። በተፈላ አረንጓዴ ሻይ ሰው በአማካይ የሚያገኘው በቀን ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም ነው፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ፉት እያለው፣ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ። እኔ 800ውን በአንድ ጉንጭ ውኃ ነበር የማስውጣት።

ወሬው ግን ከባዶ አልተነሳም። በበርሊን ያሉ ተመራማሪዎች በ2008 እንዳሳዩት፣ ኢጂሲጂ በቤተ ሙከራ ከአሚሎይድ ቤታና ከአልፋ ሲኑክሊን ጋር ይጣበቃል። የመጀመሪያው የአልዛይመር፣ ሁለተኛው የፓርኪንሰን ፕሮቲን ነው፤ ክር እየሆኑ ተጠላልፈው ከመከማቸታቸው በፊት ጉዳቱ ወደ ቀለለ ቅርጽ ይመራቸዋል። ደስ ይላል። ወደ ሰው ሲመጣ ግን፣ በጀርመን መልቲፕል ሲስተም አትሮፊ ያለባቸው (የፓርኪንሰን ዘመድ ነው፣ ያው አልፋ ሲኑክሊን ያለበት) 92 ሕሙማን ግማሾቹ ኢጂሲጂ፣ ግማሾቹ ማስመሰያ እንክብል ለ48 ሳምንት ወሰዱ። ውጤቱ በ2019 ወጣ፦ በሽታው በሁለቱም ወገን እኩል ገሰገሰ፣ ኢጂሲጂ ከወሰዱትም በጉበት ምክንያት ያቋረጡ ነበሩ።

የጃፓኑንም ጥናት ጠቅሰውልሻል። በሰንዳይ ከተማ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 1,003 ሰዎች ተጠይቀው፣ በቀን ሁለት ሲኒና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ሻይ የሚጠጡት ዘንድ የአእምሮ መድከም አንሶ ተገኝቷል። ግን ሁለቱም የተለካው በአንድ ጊዜ ነው። ሻዩ አእምሯቸውን ጠበቀው ወይስ አእምሮው ደህና የሆነ ሰው ነው ጎረቤት ጠርቶ ሻይ የሚጠጣው? እናቴ መርሳት ስትጀምር መጀመሪያ የተወችው ቡና መጣጣቱን ነበር።

ስለዚህ እናትሽ ሻይ ይጠጡ፣ በደንብ ይጠጡ። የግድ አረንጓዴ አይደለም፤ የውሽውሽና የጉማሮ ጥቁር ሻይም ከዚያው ተክል ነው፣ ሲጠቁር ካቴኪኑ ወደ ሌላ ፖሊፌኖል ይለወጣል እንጂ ባዶ አይሆንም። ጦስኝና ሽፈራው ግን ሌላ ተክል ናቸው፣ «ሻይ» ስለተባሉ ብቻ ኢጂሲጂ አላቸው ማለት አይደለም። ስኳሩን ቀነስ ያድርጉ። ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡ ይሻላል፣ ሻይ ከሽሮና ከእንጀራ የሚገኘውን አይረን ይይዛልና። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እኛ ቤት ሻይ ክልክል ነው፣ እናቴ ሌሊቱን በሙሉ ስትዞር ታድራለች።

ለእንክብሉ ያሰብሽውን ብር ለምርመራ ላኪው። ቫይታሚን ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ግፊት፣ ስኳር። እናቴ ለዓመታት ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ስለወሰደች ቢ12ዋ ወርዶ ተገኘ፤ መርፌው አልዛይመሩን አላዳነውም፣ የእግሯን መደንዘዝ ግን አቃለለላት። ሌላው ጆሮ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 ሊስተካከሉ ይችላሉ ካላቸው 14 የመርሳት በሽታ አጋላጮች አንዱ የመስማት ችግር ነው። እናታችን «ረሳች» እያልን ስናዝንባት ከነበረው ብዙው ለካ መጀመሪያውኑ አልሰማችውም ነበር።

እናትሽ የጆሮ መሣሪያ ከታዘዘላቸው፣ በዚያ ሰው ሻንጣ ውስጥ ባትሪ በብዛት አስይዢላቸው። እኔ ባለፈው ወር ብቻ ስድስት ቤት ዞሬ ነው ያገኘሁት።