ወደ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ለመዛወር ለምታስቢው እህት

ሰላም እህቴ። «ባለቤቴ ዴንቨር ኤርፖርት ሥራ አግኝቷል፤ የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን፤ ከቨርጂኒያ ወደ ኦሮራ ብንዛወር ይሻላል ወይ? ከተማዋን ወንበዴ ይዟታል የሚባለውስ እውነት ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። በዲቪ መጥቼ በፈረንጆቹ 2010 ኦሮራ ከገባሁ ጀምሮ ከዚህ አልተነቃነቅሁም። ታክሲ ነድቻለሁ፣ አሁን ሆስፒታል እሠራለሁ፣ ልጆቼንም እዚሁ ነው ያሳደግሁት። «ኑ» ወይም «አትምጡ» ብሎ በአንድ ቃል ማለፍ ስለከበደኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከሚያስፈራሽ ልጀምር። በ2024 ኦገስት ላይ የታጠቁ ሰዎች በአንድ አፓርታማ ኮሪደር ሲሄዱ የሚያሳየው ቪዲዮ እውነተኛ ነው። ከዚያ ግን ወሬው አድጎ «ከተማዋ ተያዘች» ሆነ። ኦክቶበር ላይ ዶናልድ ትራምፕ ራሳቸው እዚሁ መጥተው የምርጫ ቅስቀሳ አደረጉበት። ከንቲባው ማይክ ኮፍማን፣ የዚያው የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው ሆነው ሳለ፣ ነገሩ በጣም ተጋኗል ብለው ተናገሩ። ኦሮራ ከዴንቨር ጎን ያለች፣ ወደ 400 ሺህ ሕዝብ የሚኖርባት ሰፊ ከተማ ናት፤ ችግሩ የነበረው በተወሰኑ ሕንፃዎች ነው። እናቴ ከደሴ ደውላ «ልጄ፣ ከዚያ ቦታ ውጣልኝ» ብላ ስታለቅስ እኔ እዚሁ ኦሮራ፣ ሃቫና በሚባለው ጎዳና ላይ እንጀራ ገዝቼ ወደ ቤቴ እየነዳሁ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የተረሱት የሕንፃዎቹ ነዋሪዎች ናቸው። ቆሻሻው ሳይነሣ፣ የተበላሸው ሳይጠገን ኪራይ ይከፍሉ የነበሩ ቤተሰቦች ናቸው። ከተማው ከሕንፃዎቹ አንዱን «ለመኖሪያ አይሆንም» ብሎ ሲዘጋው ዕቃቸውን ይዘው ውጭ ቀሩ። ይህን ዝርዝር ያገኘሁት ከትልልቆቹ ቴሌቪዥኖች ሳይሆን ከዚሁ ከተማ ጋዜጠኞች ነው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለዜናም ይሠራል። እኔ ግን ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለብዙ ዓመታት ታክሲዬ ውስጥ የምሰማው የአገር ቤትን ዜና ብቻ ነበር፤ የምኖርበት ስቴት ምን እንደወሰነ የማውቀው ዋጋ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

በ2013 ከአንድ አፓርታማ ስንወጣ አከራዩ «ለምንጣፍና ለቀለም» ብሎ ስንገባ በመያዣነት የሰጠነውን ዲፖዚት በሙሉ አስቀረ። ባለቤቴ ያንን ቤት በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር ያጸዳችው። ዝም አልን። በኮሎራዶ ሕግ አከራይ ዲፖዚትሽን በአንድ ወር፣ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ ከተጻፈም ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ መመለስ ወይም ያስቀረበትን ምክንያት ዘርዝሮ በጽሑፍ መስጠት አለበት። በኑሮ ብዛት ያረጀ ነገር አይቆረጥበትም። አላግባብ ከያዘ፣ የ7 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፈሽለት እንቢ ካለ፣ ያስቀረውን ሦስት እጥፍ ልትጠይቂው ትችያለሽ። ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ስትገቡ እያንዳንዱን ክፍል፣ እያንዳንዱን ጭረት በስልክሽ ቅረጪ። ደግሞ ከ2023 ወዲህ አከራይ ከኪራዩ ሁለት እጥፍ በላይ ገቢ አምጡ ማለት አይችልም፤ ሦስት እጥፍ የሚልሽ ካለ አትሸማቀቂ፣ ሕጉን ንገሪው።

ኪራዩ ራሱ ግን ከባድ ነው፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። እኔ ስመጣ ባለ ሁለት መኝታ ከ900 ዶላር በታች ተከራይቻለሁ፤ ዛሬ ያው ሕንፃ ከእጥፍ በላይ ይጠይቃል። በ2010 ኮሎራዶ ከ5 ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ ነበራት፣ በ2020 ቆጠራ ወደ 5.8 ሚሊዮን ተጠግታለች። ከካሊፎርኒያውም ከቴክሳሱም የመጣው ሁሉ ቤት ይፈልጋል።

ስለ ባለቤትሽ ደመወዝ አንድ ነገር አጣሩ። ኤርፖርቱ ከኦሮራ በኩል ቅርብ ቢሆንም መሬቱ የዴንቨር ከተማ ነው፣ ዴንቨር ደግሞ የራሷ ዝቅተኛ ደመወዝ አላት። በ2025 በሰዓት 18.81 ዶላር ነበር፤ ኦሮራ የምትከተለው የስቴቱ 14.81 ነበር። በሰዓት 4 ዶላር ማለት በሙሉ ጊዜ ሥራ በወር ከ600 በላይ ነው። ስለዚህ «ኦሮራ ነው የምትኖረው» ብለው እንዳያሳንሱበት፤ የሚታየው የሚሠራበት ቦታ ነው።

ሌላው በረዶ ነው። ስኖው ማለቴ አይደለም፤ እኛ አገር በክረምት ጣሪያ ላይ የሚንኳኳው ጠጠሩ በረዶ። ሜይ 8 ቀን 2017 ተሳፋሪ ሌክውድ የምትባል ከተማ አድርሼ ስመለስ ደረሰብኝ። የመኪናው መስታወት ሲረግፍ ጭንቅላቴን በጃኬት ሸፍኜ ነው የተረፍኩት። እዚያው አካባቢ ያለው ኮሎራዶ ሚልስ የተባለ ትልቅ የገበያ ማዕከል ጣሪያው ተበሳስቶ ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚህ ስቴት ታሪክ ብዙ ገንዘብ ያወደመው በረዶ እሱ ነው። እኔ የነበረኝ ላያቢሊቲ፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ያደረስኩትን ጉዳት ብቻ የሚከፍል ኢንሹራንስ ስለነበር አንድ ሳንቲም አልተከፈለኝም። እባክሽ፣ መኪናው አሮጌ ካልሆነ እንዲህ ያለውን የበረዶ ጉዳት የሚሸፍነውን ኮምፕሪሄንሲቭ ግቡ። ኢንሹራንሱ ከቨርጂኒያው ቢበልጥባችሁም አትገረሙ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለ4 ዓመቷ ልጅሽ ደግሞ መልካም ዜና አለኝ። ከ2023 ጀምሮ ልጆች መዋዕለ ሕፃናት (ኪንደርጋርተን) ከመግባታቸው በፊት ባለው ዓመት ስቴቱ በሳምንት እስከ 15 ሰዓት የቅድመ ትምህርት ወጪ ይከፍላል፤ ገቢያችሁ ምን ያህል ነው አይባልም። ገንዘቡ የሚገኘው በሲጋራና በኒኮቲን ላይ ከተጣለ ግብር ነው፤ ያንን የወሰነው በ2020 ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ነው። የእህቴ ልጅ ተጠቅሞበታል፤ እሷም ማለዳ ማለዳ ሥራ መግባት የቻለችው በዚህ ነው።

እዚህ ስቴት ብዙ ነገር የሚወሰነው እንዲህ በሕዝብ ድምፅ ነው። በ1992 በጸደቀው ታቦር በሚሉት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት ግብር ለመጨመር ሕዝቡ መጠየቅ አለበት፤ ስቴቱ እንዲይዝ ከተፈቀደለት ጣሪያ በላይ የተሰበሰበውም ለነዋሪው ይመለሳል። በ2022 ለእያንዳንዱ አዋቂ 750 ዶላር ቼክ የመጣው ከዚህ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ግን «ገቢ የለኝም» ብለው ታክስ ስላላሠሩ ቀረባቸው። ማንም በአማርኛ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር አልነገርኳቸውም፣ ያሳፍረኛል። እናትሽ ወይም አማትሽ አብረዋችሁ የሚመጡ ከሆነ ገቢ ባይኖራቸውም ታክስ አሠሪላቸው።

ዜግነት ካላችሁና ለምርጫ ከተመዘገባችሁ የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ከእሱ በፊት ሰማያዊ መጽሐፍ የሚሉት የእያንዳንዱን ጥያቄ ደጋፊና ተቃዋሚ ሐሳብ የያዘ መጽሔት ይላካል። ድሮ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር እጥለው ነበር። አሁን ከታላቋ ልጄ ጋር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እናነበዋለን፤ እሷ እንግሊዝኛውን ታቃናልኛለች፣ እኔ ኪራይና ደመወዝ ምን እንደሆነ እነግራታለሁ።

ከፍታውን አትፍሪው፤ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። የአየሩ ድርቀት ግን ልጆችን መጀመሪያ ላይ ያነስራል፤ ውሃ አብዢላቸው፣ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ እንፋሎት የሚሰጥ ማሽን አድርጊ።

እንግዲህ የእኔን ከጠየቅሽ፣ ደመወዙ በዴንቨር ስሌት ከሆነና የሦስት ወር ኪራይ በእጃችሁ ካለ ኑ። የባለቤትሽ ሺፍት የሌሊት ነው ወይስ የቀን? ከኦሮራ ወደ ኤርፖርት ባቡር ቀይሮ መሄድ ይቻላል፤ ሌሊት ከሆነ ግን ሁለተኛ መኪና ስለሚያስፈልጋችሁ የትኛው ሰፈር እንደሚሻል የምነግርሽ እሱን ካወቅሁ በኋላ ነው።